የአጎቴን ጉበት የበላው ማን ነው?

አጎቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ድሬዳዋ ተወልዶ፣ ለገሃር ሠርቶ፣ ከዚራ ያረጀ። እንደ ብዙ የድሬ ሰው «አንቱ» የሚባል ነገር አያውቅም። ለከንቲባውም «አንተ» ነው፣ ለቄሱም «አንተ» ነው። ሆዱ መነፋት፣ እግሩ ማበጥ፣ ዐይኑም ቢጫ ቢጫ ማለት ሲጀምር ይዤው ሐረር ወጣሁ። ደም ተወሰደ፣ አልትራሳውንድ ታየ፣ እንደገና ደም ተወሰደ። ከዚያ አንድ ወጣት ሐኪም ፊት ተቀመጥን።

ሐኪሙ ትሑት ነው። የዚህ አካባቢ ልጅ እንዳልሆነ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። «አባባ» አለው፣ «ጉበትዎ ጠባሳ ይዟል። ሲሮሲስ የምንለው ነው። ጉበት የሚያጠቁት ቫይረሶች፣ ሄፓታይተስ ቢም ሲም፣ የለብዎትም። መጠጡም እንደነገሩኝ ከሆነ ያን ያህል አይደለም። በዚህ ምክንያት ነው ብዬ በእርግጠኝነት የምነግርዎት ነገር የለኝም።»

አጎቴ ከወንበሩ ወደፊት ሳብ አለ። «አቦ፣ ታዲያ የቱ ነው? ትሉ ነው? ጫቱ ነው? አንዱን ንገረኛ!»

«አንድ ብቻ መሆን አለበት ያለዎት ማን ነው?» አለ ሐኪሙ፣ ካርዱ ላይ እየጻፈ፣ ቀና እንኳን ሳይል።

አጎቴ በጣም ተናደደ። ደንገጎን እየወረድን «ስለማያውቀው እኮ ነው ነገሩን የሚያዞርብኝ» እያለ ሲያጉረመርም ነበር። እኔ ግን ያቺ ጥያቄ አልለቀቀችኝም። የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። በእኛ ሥራ ቀኑን ሙሉ የምናወራው ምን ከምን ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ነው። ብቻውን የተቀመጠ ነገር ብዙ ጊዜ ምንም አያደርግም። ታዲያ ወደ በሽታ ስንመጣ ለምንድነው ሁላችንም እንደ መርማሪ ፖሊስ አንድ ተጠርጣሪ ብቻ የምናሳድደው?

ሁሉም የራሱ ተጠርጣሪ አለው

ቤት ስንደርስ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ጠበቀን። የአጎቴ ሚስት «የወፍ በሽታ ነው፣ ሐኪም ቤት ምን ያደርግለታል፣ መድኃኒቱን የሚያውቅ ሰው አለ» አለች። ጎረቤታችን ጫቱ ነው አለ፤ እሱ ራሱ ሲቅም ነው የሚውለው። የአጎቴ ታናሽ ወንድም ደግሞ «ጫቱማ ምን አደረገ፣ ገበሬው የሚረጭበት መድኃኒት ነው እንጂ» አለ። አጎቴ በትሉ ጸና።

የአጎቴ ጥርጣሬ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ጥሬ ጉበት በልቷል። እሁድ ጠዋት፣ ትኩሱን፣ በሚጥሚጣ። አንድ ቀን ደግሞ ሉካንዳ ቤት ጉበት ሲሰነጠቅ ቅጠል የሚመስል ጠፍጣፋ ትል ሲወጣ በዐይኑ አይቷል። ቄራ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፋሲዮላ ነው ስሙ። ሥጋ የሚመረምረው የእንስሳት ሐኪም እንዲህ ያለ ጉበት ሲያገኝ ያስወግደዋል፤ በየቄራው ለሚጣለው የከብት ጉበት ትልቁ ሰበብ ይሄው ትል ነው።

ግን ለአጎቴ ያልተዋጠለት ነገር አለ። ፋሲዮላ ጥሬ ጉበት በመብላት አይደለም የሚይዘው። እንቁላሉ ከእበት ጋር ውሃ ዳር ይወድቃል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያ ይወጣና ውሃ ዳር ባለ ሣርና ቅጠል ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል። ከብቱም ሰውም የሚያዘው ያንን ቅጠል ሲበላ ወይም ያንን ውሃ ሲጠጣ ነው። ትል ያለበት ጉበት የበላ ሰው የሚገጥመው ሌላ ነገር ነው፤ የትሉ እንቁላል ምንም ሳይሠራ በሆዱ አልፎ በሰገራው ይወጣል። ላብራቶሪው እንቁላሉን ያይና «አለብህ» ይለዋል። ጥቂት ቀን ጉበት ሳይበላ ቆይቶ ሲመረመር እንቁላሉ የለም። ይሄ ማለት ጥሬ ጉበት ብሉ ማለት አይደለም፣ የራሱ ሌላ ጣጣ አለው። የዚህ ትል መግቢያ ግን እሱ አይደለም።

ሐኪሙ ቢልሃርዚያንም ጠይቆት ነበር። ያኛው ትል ውሃ ውስጥ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው። በሆድ ዕቃ የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራል፣ ከእንቁላሎቹ ከፊሎቹ ጉበት ውስጥ ይቀረቀራሉ፣ ሰውነት በየእንቁላሉ ዙሪያ ጠባሳ ይሠራል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ያየው የዚህኑ ትል ተሸካሚዎች ሲያጠና ነው። ሐኪሙ «ወንዝ ውስጥ ዋኝተው ያውቃሉ?» ሲለው አጎቴ ሳቀበት። «ደቻቱ ውስጥ? ደቻቱ መቼ ውሃ ኖሮት!»

ሳቁን ሳይጨርስ ግን ሐኪሙ የአጎቴን የድሮ ሥራ አስታውሶ «ባቡር ላይ ሲሠሩስ የት የት ወርደዋል?» አለ። አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ እረር። አጎቴ ዝም አለ። ያ ሁሉ ዘመን፣ ያ ሁሉ ውሃ፣ ማን ያስታውሰዋል።

ሃምስተሮቹ

እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ስልኬ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። የጉበት ትልና ካንሰር ብዬ ስፈልግ ሁሉም ነገር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ወሰደኝ። እዚያ ሰዉ የወንዝ ዓሣ በጥሬው ከትፎ ሎሚ አድርጎበት ይበላል። (ክትፎ ለሚበላ ሕዝብ ይሄ አይገርምም።) ዓሣው ኦፒስቶርኪስ የሚባል ሌላ የጉበት ትል ይይዛል። ይሄ ትል የሐሞት ቱቦ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይኖራል። የሐሞት ቱቦ ካንሰር በዓለም ላይ ከየትም በላይ የሚበዛው እዚያው አካባቢ ነው። ሊዮን ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1994 ይህን ትል በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ብሎ አንደኛው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። የሽንት ፊኛ ቢልሃርዚያ አምጪውም ያኔውኑ ገብቷል። የአንጀቱ ቢልሃርዚያ፣ ሐኪሙ አጎቴን የጠየቀው ማለት ነው፣ ማስረጃው ስላልበቃ አልገባም።

እስከዚህ ድረስ የአጎቴ ክስ ያሸነፈ ይመስላል። ትል አለ፣ ካንሰር አለ፣ ተዘጋ።

ግን አንድ ነገር አላስተኛኝም። በዚያ አካባቢ በትሉ የተያዘው ሰው በሚሊዮን ነው የሚቆጠረው። ካንሰሩ የሚወጣበት ግን ጥቂቱ ነው። ትሉ ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ መንደሩ ሁሉ አልቆ ነበር።

ከዚያ እ.ኤ.አ. የ1978ቱን ሙከራ አገኘሁ። የታይላንድ ተመራማሪዎች ናቸው። ሃምስተር የሚባሉትን ትንንሽ እንስሳት በየቡድኑ ከፋፈሏቸው። አንዱ ቡድን ትሉን ብቻ አገኘ። አንዱ ዳይሜቲልናይትሮሳሚን የሚባል ኬሚካል በሚጠጣው ውሃ ውስጥ ትንሽ ትንሽ እየተደረገለት ጠጣ። አንዱ ሁለቱንም አገኘ። ትሉን ብቻ ያገኙት ላይ የሐሞት ቱቦ ካንሰር አልታየም። ኬሚካሉን ብቻ በዚያ መጠን ያገኙትም ላይ አልታየም። ሁለቱን አንድ ላይ ያገኙት ላይ ወጣ።

ተነስቼ አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። «አንድ ብቻ መሆን አለበት ያለዎት ማን ነው?»

ነገሩን በእኔ ቋንቋ ላስቀምጠው። ያ ኬሚካል ለሳይንስ አዲስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1956 እንግሊዝ ውስጥ ማጊና ባርንስ የአይጦችን ጉበት ካንሰር እንደሚያስይዝ አሳይተው ነበር። የሚሠራው ዲኤንኤ ላይ ተለጥፎ ፊደል በማበላሸት ነው። ግን ጤነኛ፣ ሥራ ያልበዛበት ሴል ጊዜ አለው፤ የተበላሸውን ያርመዋል። በየጊዜው የሚከፋፈል ሴል ግን ሳያርም ይገለብጠዋል። ስሕተቱ ከዚያ በኋላ የልጅ ልጅ ውርስ ነው። ትሉ የሚያደርገው ይህንን ነው። የሐሞት ቱቦውን ግድግዳ ሌት ተቀን ይፍቃል፣ ያቆስላል፣ ሴሎቹም ቁስሉን ለመድፈን ያለ ዕረፍት ይከፋፈላሉ። ኬሚካሉ የሚመጣው በዚህ መሃል ነው።

ይሄም አልበቃ። ቁስሉን ለመከላከል የሚመጡት ነጭ የደም ሴሎች ናይትሪክ ኦክሳይድ ያመርታሉ። ይሄ ናይትሪክ ኦክሳይድ ሰውነት ውስጥ ካሉ አሚን የሚባሉ ውህዶች ጋር ሲገናኝ ምን ይሆናል? ናይትሮሳሚን! የሃምስተሮቹ ኬሚካል ወገን። ተማሪዎቼ ይህንን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል፣ እኔ ግን ደነገጥኩ። ትሉ ኬሚካሉን ከውጭ እስኪመጣ አይጠብቅም ማለት ነው። እዚያው ያስመርተዋል። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንላለን፤ ጉበት ላይ ተረቱ ተገልብጦ ነው የሚሠራው።

አንድ ጥፋተኛ የማሳደድ ነገር የእኛ ሰፈር ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. የ1926ቱን የሕክምና ኖቤል የወሰደው ዴንማርካዊው ፊቢገር ነው፤ የአይጥ ጨጓራ ውስጥ ባገኘው ትል ካንሰር አመጣሁ ብሎ። ቆይቶ ሲጣራ አይጦቹ የቫይታሚን ኤ እጥረት ነበረባቸው፣ ያየውም እውነተኛ ካንሰር እንዳልነበር ታወቀ። በዚያው ዘመን ጃፓናዊው ያማጊዋ የጥንቸል ጆሮ ላይ የድንጋይ ከሰል ሬንጅ ለወራት እየቀባ እውነተኛ ካንሰር አሳይቶ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1915። እሱ አልተሸለመም።

በርጫው ላይ ያለው ሁሉ

ቅዳሜ የአጎቴ ልጅ ቤት በርጫ ነበር። እኔ ብዙም አልቅምም፣ ለጨዋታው ነው የምሄደው። ያ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ሌላ ምን ያሠራል። ፍራሹ ላይ ጋደም ብዬ መሃል ያለውን ሳይ የሃምስተሮቹ ነገር መጣብኝ። ጫት አለ። ለውዝ በሳህን ሞልቶ ይዞራል። ሲጋራ አለ፣ ጥግ ላይ ሺሻ አለ። ማታ ምርቃናው ሲከብድ ደግሞ ጨብሲ ይመጣል፣ ቢራ ወይ አረቄ። ሁሉም ሰው ስለ አንዱ ለብቻው ይከራከራል። «ጫት ጉበት ይጎዳል?» «ለውዝ ምን ያደርጋል?» «ሁለት ቢራ ምን አላት?» ማንም ስለ ክፍሉ አያወራም። ስለ ሁሉም አንድ ላይ።

ስለ ጫቱ የሚያከራክር ነገር የለም ብዬ አልዋሽም፣ አለ። ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ ሐረር ላይ በጀጎልና በሕይወት ፋና ሆስፒታሎች የተሠራ ጥናት አለ። 150 ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ከ300 ሌሎች ጋር አስተያይቷል። የሚቅሙት ላይ ሕመሙ በዝቶ ታይቷል፣ የሚቅሙት መጠን ሲጨምርም አብሮ ጨምሯል። ይሄ ብቻውን ጫት አደረገው ብሎ አይዘጋም። የሚቅም ሰው ሌላም ብዙ ነገር ያደርጋልና። እኔን የበለጠ የያዘኝ ከእነዚሁ ሕሙማን የወጣው ሌላው ውጤት ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ምክንያታቸው አልታወቀም። ቫይረስ የለ፣ መጠጥ የለ። የአጎቴ ወገኖች።

የሚረጨው መድኃኒትም ወሬ ብቻ አይደለም። በምሥራቁ ጫት ላይ የዲዲቲ ቅሪት ተለክቶ ተገኝቷል። ለወባ የመጣው ነው ማሳ ይገባ የነበረው። ዲዲቲን የካንሰር ምርምር ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. በ2015 ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ በሚገመተው ሁለተኛው ምድብ ላይኛው ክፍል አስቀምጦታል። «አጥቤ ነው የምቅመው» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ማጠቡ አይከፋም፣ ግን ዲዲቲ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ነገር አይደለም። ስብ ነው የሚወደው፤ ሰውነት ውስጥም የሚቀመጠው ስብ ውስጥ ነው።

የትግራይንም አስታወሰኝ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ሰሜን ምዕራብ ትግራይ መንደሮች ውስጥ ሰዎች ሆዳቸው እየተነፋ ሲሞቱ ለረጅም ጊዜ ምን እንደሆነ አልታወቀም ነበር። በመጨረሻ ማስረጃው ያመለከተው ከእህል ጋር ተቀላቅሎ የሚበላ መርዛማ አረም ነው። አጠገቡም ዲዲቲ በተጠርጣሪነት ተነስቷል። እዚያም ቢሆን ዋናው ጥፋተኛ ከተገኘ በኋላ ጥያቄው «ከማን ጋር ሆኖ?» ወደሚለው ነው የሄደው።

ሲጋራውን አልዘርዝር። አንድ ነገር ብቻ፤ ጭሱ ውስጥ ናይትሮሳሚኖች አሉ። የሃምስተሮቹ ኬሚካል ዘመዶች በርጫው ላይ ተጋብዘው ተቀምጠዋል።

ለውዝ

ከሁሉም ያልጠበቅኩት ግን ለውዙ ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ኦቾሎኒ የሚለው። የእኛ አካባቢ ኩራት ነው፤ ባቢሌና ጉርሱም ለውዝ ማለት ናቸው። እናቴ ስታሳድገን «ለውዝ ያፋፋል» እያለች ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ሞተ። ጉበታቸው ተበልቶ። ምክንያቱ ሲፈለግ ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ፤ ሻጋታ የበቀለበት። ሻጋታው የሚያመርተው መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ። ዛሬ ከሚታወቁት የጉበት ካንሰር አምጪዎች ውስጥ አንዱ ኃይለኛው ነው። እና ይሄ ፋብሪካ የሠራው አይደለም። ተፈጥሮ ናት።

የእኛስ? እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ባቢሌንና ጉርሱምን ጨምሮ ከምሥራቁ ወረዳዎች 120 የለውዝ ናሙና ሰብስቦ መርምሮ 93ቱ ላይ አፍላቶክሲን አግኝቷል። ከፍተኛው በኪሎ 11,900 ማይክሮግራም ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ለሰው በቀጥታ ለሚበላ ለውዝ የሚፈቅደው በኪሎ 4 ነው። ቁጥሩን ሳይ ነጥቡን የዘለልኩት መስሎኝ ደግሜ አየሁት።

ቀፊራ ሄጄ ከአንዲት ለውዝ ሻጭ አጠገብ ቆምኩ። እጇ ሲሠራ ያስደንቃል። ደህናውን ወደዚህ፣ የተሰበረውንና የተጨማደደውን፣ አረንጓዴ ቢጤ የነካውን ወደዚያ።

«ይሄኛውስ ይጣላል?» አልኳት።

«ለምን ይጣላል? ይሄ ለወፍጮ ነው።»

«ማን ይገዛዋል?»

«የለውዝ ቅቤ የሚሠራው። ለላም የሚወስድም አለ። ርካሽ ነው እኮ፣ ልስፈርልህ?»

እሷን የምወቅስበት ነገር የለኝም። ለቀማው ራሱ ትክክል ነው፤ መርዙ በብዛት ያለው በጥቂት የተበላሹ ፍሬዎች ውስጥ ስለሆነ አውጥቶ መጣል ከምንም በላይ ይረዳል። ችግሩ አለመጣሉ ነው። የተለቀመው ሁሉ አንድ ላይ ተሰብስቦ ይፈጭና ለሕፃን ዳቦ ላይ ይቀባል። ላሟም ብትበላው መርዙ መልኩን ቀይሮ በወተቷ ይወጣል። «ተቆልቷል እኮ» አይሠራም። የቤት ምጣድ ይህንን መርዝ አይጨርሰውም። ሻጋታው ይሞታል፣ መርዙ ይቀራል።

ገበሬውም ጋ ቢሆን ነገሩ ዝም ብሎ የስንፍና አይደለም። ለውዙ ሊደርስ ሲል ዝናብ ከጠፋ ፍሬው መሬት ውስጥ እያለ ይሰነጠቅና ሻጋታው ይገባል። ከተነቀለ በኋላ በደንብ ካልደረቀ ይብሳል። በእጅ ሲፈለፈል ጣት ስለሚጎዳ ልጡ እንዲለሰልስ ውሃ መርጨት በብዙ አገር የተለመደ ነው፤ ለሻጋታው ከዚህ የተሻለ ግብዣ የለም። ንጹሕ አድርቆ ያመጣ ገበሬና ውሃ ረጭቶ ያመጣ ገበሬ እኩል ዋጋ የሚያገኙ ከሆነ ደግሞ፣ እንዲያውም እርጥቡ ሚዛን ላይ ስለሚከብድ የበለጠ የሚያገኝ ከሆነ፣ ምክር ብቻ ምን ይሠራል?

ስልሳ

የታይላንዱ ሃምስተር በሰው ላይ ምን ይመስላል ብዬ ስፈልግ ሻንጋይ ደረስኩ። ከ18 ሺህ በላይ ወንዶችን የተከታተለ ጥናት ነው፣ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ። ሽንታቸው ውስጥ የአፍላቶክሲን ምልክት የተገኘባቸው ሰዎች የጉበት ካንሰር ዕድላቸው ከሌላው ወደ ሦስት እጥፍ ነበር። ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸው ወደ ሰባት እጥፍ። ሁለቱም ያሉባቸውስ? አስር እጥፍ ብላችሁ ከገመታችሁ እኔም እንደዚያ ነው የገመትኩት። ወደ ስልሳ እጥፍ ነው።

ይህንን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ለተማሪዎቼ አሳየኋቸው። አንዷ ተማሪ እጇን አወጣችና «መምህር፣ እንዲህ ከሆነ እኮ አንዱን ብቻ ማውጣት ይበቃል» አለችኝ። ትክክል ናት፣ እኔ እስከዚያ ድረስ ከአስፈሪው በኩል ብቻ ነበር የማየው። ቫይረሱን ካወጣኸው ስልሳው ሦስት ይሆናል። ሻጋታውን ካወጣኸው ሰባት ይሆናል። ሁሉንም ካላጠፋን ምንም አናደርግም የሚለው ሰው ተሳስቷል። የቱ እንደሆነ ማወቅም ግዴታ አይደለም። እጅህ የሚደርስበትን አንዱን ታወጣለህ።

አጎቴ ጋ ይህንን ይዤ ሄድኩ። አዳመጠኝ። «እሺ፣ ለውዙን ውሰዱት» አለ፣ «ጫቴን ግን አትንኩ።» ሐኪሙ ደግሞ ጠባሳ ለያዘ ጉበት ጫቱም ይቁም ብሎታል። ድርድሩ እስካሁን አላለቀም። በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ መታየት አለበት፤ ሲሮሲስ ያለበት ጉበት ላይ ካንሰር ከወጣ ገና ትንሽ ሳለ ለመያዝ ነው። ቀጠሮው ሲደርስ «ሐረር ለምን እወጣለሁ፣ ልጁ አያውቅም እኮ» ይላል። ከዚያ ይወጣል።

ቤተሰቡ ላይ ግን አንድ ነገር ማውጣት ይቻል ነበር። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን በሙሉ፣ ማለት ይሄን የሚያነብ ሰው አብዛኛው፣ ራሱ ፈልጎ ካልተከተበ በቀር አልተከተበም። መጀመሪያ በጣት ጠብታ ደም መመርመር፣ ከሌለብህ ሦስት ዙር ክትባት በስድስት ወር ውስጥ። ይኸው ነው። ቤተሰቡን በሙሉ ይዤ ሄድኩ። የአጎቴ ሚስት «የታመመው እሱ፣ የምንወጋው እኛ» እያለች መጣች።

እሷ ነጻ ናት። እኔም። የአጎቴ ልጅ፣ ያ በርጫ የሚያዘጋጀው፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለው፣ ኳስ የሚጫወተው፣ አንድም ቀን ታምሞ የማያውቀው፣ አለበት።

ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው። ቫይረሱ በልጅነት ይገባና ሃያ ሠላሳ ዓመት ድምፅ ሳያሰማ ይቀመጣል። የአጎቴ ልጅ የመጀመሪያ ቃል «ለማንም እንዳትናገር» ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብዬው አየሁት፣ ተቆጣኝ። ሰው እንዴት እንደሚያይ አታውቅም አለኝ። አውቃለሁ። ይህንን እንድጽፍ የፈቀደልኝም ስሙ እንዳይነሳ ብሎ ነው።

አሁን ክትትል ላይ ነው። ጉበቱ ገና ደህና ነው። መድኃኒት የሚያስፈልግበት ጊዜ ከመጣ ቴኖፎቪር አለ፣ በቀን አንድ ፍሬ። ሚስቱ ተመርምራ ነጻ ሆና ክትባቱን ጀምራለች፣ ልጁ በሕፃንነቱ ተከትቧል። ሐኪሙ ያው የአጎቴ ሐኪም ነው። ጨብሲውን ቁረጥ አለው፣ ሲጋራውን ቁረጥ አለው፣ ስለ ጫቱም ነገረው። እሱም ቶሎ የቆረጠው ማንም ያላዘዘውን ነው። በርጫው ላይ ሳህኑ ሲደርሰው እንኳን ሳያይ ወደ ቀጣዩ ያሳልፈዋል።

«ምነው፣ ለውዝ ተውክ እንዴ?» ይሉታል ጓደኞቹ።

«ጥርሴን አሞኛል» ይላቸዋል።